ሳል የሌለው መጋዝ

ጥቅምት 3

ለወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? አባባስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። የማሽን ዘይት ከጣቶቼ አልለቅ ብሎኝ ዳቦ እንኳ በሹካ ነው የምበላው፤ ከዚህ ሌላ የሚያማርረኝ ነገር የለም።

የምልክልህ መጋዝ መጫወቻ ነው ወይ ብለህ ለጠየቅከኝ፣ አይደለም። ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ የግንድ መኪናው ሹፌር አንድ ሳጥን አብሮ ያስረክብሃል። በውስጡ ያለው በባትሪ የሚሠራ የሰንሰለት መጋዝ ነው። ባትሪው ሁለት ነው፤ በካምፑ ጄኔሬተር ይሞላል። ቤንዚን አይጠጣም፣ አይጨስም፣ የሚጎተት ገመድ የለውም። ቃታውን ስትስብ ይቆርጣል፣ ስትለቅ ዝም ይላል። እኔ እዚህ ወርክሾፕ ውስጥ ግንድ በብረት መቆንጠጫ አስሬ፣ ሰዓት ይዤ፣ ክንዴ እስኪዝል ቆርጬበታለሁ። ደረቅ እንጨት ላይ አንድ ሙሉ ባትሪ ቤንዚኑ በአንድ ሙሌት የሚሄደውን ያህል ይሄዳል። ይህን የምልህ እኔ ነኝ እንጂ ነጋዴው አይደለም።

የቀረው የጫካ ፈተና ነው። እዚህ ያለው የተኛ ግንድ ነው፤ የቆመ ዛፍ ከየት አመጣለሁ? የአንተ ቡድን ይሞክረውና ያየኸውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፍልኝ። ይለፍ አይለፍ ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ። ከፈረምኩ በበጋው ለጫካ ቡድኖች ሁሉ ይታደላል፣ የቤንዚኑ መጋዝም ይሰበሰባል። አለቃችን በየጠዋቱ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ቶሎ በይ ማለቱ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምለፋ ታውቃለህ። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ከቤንዚን መጋዝ አጠገብ ቆሞ ጆሮው ሄደ። ከኋላው ስሙን ብትጠራው የሰማ ይመስል ፈገግ ይላል እንጂ አይዞርም። አንተም ባለፈው ስትመጣ ሬዲዮኑን እስከ ጥግ ከፍተህ "ምን አለ?" ስትለኝ ልቤ ፍርስ አለ። እንግዲህ ዝምታ ወርቅ ነው ይሉ የለ፤ ወርቅ ላክሁልህ።

ለአባባ ጮክ ብለህ ሰላም በልልኝ።

እህትህ


ጥቅምት 12

እታለም፣

ደብዳቤሽም ሳጥንሽም በሰላም ገብተዋል። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ጋብ ስላለ መንገዱ ቢደርቅም የካምፑ ጣሪያ ግን ገና ያለቅሳል።

ሳጥኑን የከፈተው አባባ ነው። ቡድኑ በሙሉ ሥራ ፈትቶ ከበበው። መጋዟን አገላበጣት፣ ገመዷን ፈልጎ አጣ፣ "ታዲያ በምን ትነሣለች?" አለ። ከእጁ ተቀብዬ አንድ የተኛ ግንድ ላይ አስቀመጥኳትና ቃታዋን ሳብኩ። ዱባ እንደሚቆርጥ ቢላ ገባች። ለቀቅሁ፣ ጭጭ አለች። አባባ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ "ጀምር እንጂ" አለኝ። "ቆርጬ ጨረስኩ እኮ!" ብዬ ስጮህበት ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም። "ይቺ ሳል የላትም" አለ። "በሰው ደጅ ሳል ሳይል የሚገባ እንግዳ አልወድም።"

ከተማ ገብተሽ ረስተሽው እንደሆነ የእኛን አሠራር ላስታውስሽ። ትልቅ ዛፍ ስንጥል እኔ በአንድ በኩል እቆርጣለሁ፣ አባባ በሌላ በኩል ራቅ ብሎ ይቆማል። የመጋዙ ብረት በደንብ ከገባ በኋላ ሞተሩን አጠፋለሁ። ዝም ሲል እሱ ይመጣና ዛፉ ወደ ኋላ እንዳይቀመጥብን በእሱ በኩል ባለው የመጋዝ ቅድ ውስጥ የሾለ የእንጨት ሽብልቅ ይመታል። ግንዱ ሰፊ ስለሆነ አንተያይም። የመዶሻው ምት ሲቆም እኔ ገመዱን እጎትታለሁ፤ ሞተሩ ሁለት ሦስቴ ሳል ሳል ይልና ይነሣል። አባባ ያን ሳል ሲሰማ መዶሻውን ትከሻው ላይ ጥሎ ይወጣል። ቢጠሩት የማይሰማው ሰውዬ ያቺን ሳል ግን አንድ ቀን ስቶ አያውቅም፤ በእግሬ ነው የምሰማት ይላል። ይኸው በዚህ ስንኖር ሥራ ላይ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ሳል የላትም ያለው ለዚህ ነው። ይለምዳታል።

የተኛ ግንድ ላይ ቀኑን ሙሉ ሞክሬያታለሁ፤ ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። ለፈተናሽ እንዲመች እኩል እኩል ክብ እያደረግሁ ቆረጥኩ። አባባ የቁራጩን ክምር አይቶ ምን አለ መሰለሽ? "ያቺ አባካኝ እዚያ ሆና እንጨት ከትፋ መጣሏ አንሶ አንተንም አስተማረችህ። ይህን ሁሉ ቆርጣ አንድ መቀመጫ እንኳ ሠርታ አታውቅም በላት።" ስድብ ካልላከ ሰላምታ የላከ አይመስለውም፤ አንቺው ታውቂዋለሽ።

ከነገ ወዲያ የቆመ ዛፍ ላይ እንሞክራታለን። ሹፌሩ ስለቸኮለ እዚህ ላይ ላብቃ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 22

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህን ለሥራ ባልደረቦቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። "አባካኝ" የምትለው ላይ ስደርስ የአለቃችን ጥርስ ታየ፤ ከዚያ ቀን በፊት አይቼው አላውቅም። ለአባባ እንዲህ በልልኝ፦ ቁራጮቹ አይጣሉም፣ ዘበኛው ምድጃ ውስጥ እየከተተ ይሞቃቸዋል። የሳሏን ነገር ደግሞ፣ መጋዟ ጨዋ እንግዳ ናት፣ ጉሮሮዋ ንጹሕ ነው በለው።

መቼ ነው የምትመጣው ካላችሁ፣ ይህን እንደጨረስኩ ነው። የአባባን በር ሳላንኳኳ እገባና ከኋላው ዓይኑን እይዘዋለሁ።

እስከዚያው የቆመውን ዛፍ ነገር ላክልኝ። ሪፖርቴ ውስጥ ያ ቦታ ብቻ ነው ባዶ የቀረው።

እህትህ


ኅዳር 4

እታለም፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። መኪናው አልመጣም ነበር።

የቆመ ዛፍ ላይ ሞከርናት። ቆርጣለች።

ግን አትፈርሚ። ባትሪው ብርድ አይችልም። እዚህ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ነው፣ ቶሎ ይደክማል። ለጫካ አይሆንም ብለሽ ጻፊ።

አባባ ሰላም ብሎሻል።

ወንድምሽ


ኅዳር 12

ለወንድሜ፣

መኪናው አልመጣም ነበር አልክ። ሹፌሩን ስጠይቀው ግን ሁለቴ ተመላልሻለሁ፣ ደብዳቤ ግን አልተሰጠኝም አለ። ይሁን፤ ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ብርድ ካልክ ብርድ። ከወርክሾፑ አጠገብ ያለውን ሥጋ ሻጭ ለምኜ ባትሪዎቹን በረዶ ክፍሉ ውስጥ አሳደርኳቸው። ሰውዬው "ጨው ልነስንስባቸው?" ብሎ ሲያሾፍብኝ ነበር። ጠዋት ውርጭ እንደለበሱ አውጥቼ ቀጥታ ግንድ ላይ አዋልኳቸው። መጀመሪያ ለገሙ። ሞቅ ሲላቸው ግን ቆረጡ፤ ከለመዱት ያነሰው ጥቂት ቁራጭ ነው። ቆራጩ ጠዋት ባትሪውን በጉያው ይዞት ቢወጣ ያም ጉድለት አይኖርም። ስለዚህ በብርድ ምክንያት ላልፈርም አልችልም። አለቃዬ ሥጋ ቤቱ ድረስ መጥቶ ያየውን ነገር ምን ብዬ እክደዋለሁ?

ሌላ ያየኸው ነገር ካለ ንገረኝ፣ እፈትነዋለሁ። የአንተን ቃል ንቄ አይደለም። እንዲያውም ካንተ ቃል ሌላ የምተማመንበት የለኝም፤ ግን "አይሆንም" ብቻ ብዬ መጻፍ አልችልም።

አባባ ሰላም ብሎሻል ብለህ ዝም። ስድቡስ? ሰውዬው ስድብ አለቀበት ወይስ አንተ ወረቀት ቆጠብክ?

እህትህ


ኅዳር 20

እታለም፣

በሥጋ ቤቱ ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

ብርዱ ይቅር እሺ። ችግሩ እርጥብ እንጨት ነው። ወርክሾፕሽ ውስጥ ያለው ደረቅ ነው፤ እዚህ ዛፉ ከነውሃው ነው የሚቆረጠው። ሙጫው ሰንሰለቱን ይይዘዋል፣ ሰንሰለቱ ይላላል፣ ከብረቱ ይወጣል። ሰው ይጎዳል። ሰው ይጎዳል ብለሽ ጻፊ፣ ማንም አይከራከርሽም። እኛ ቤንዚኑን መልሰን ይዘናል።

አባባ ትንሽ አሞት ነበር። ጉንፋን ነው። ተኝቷል። ሽብልቁን ለጊዜው ሌላ ሰው እየመታ ነው። "ያቺን ሰነፍ ሰላም በልልኝ" ብሏል።

አሁን መምጣት አያስፈልግሽም። መንገዱ ተበላሽቷል።

ወንድምሽ


ኅዳር 29

ለወንድሜ፣

ከነቅርፉ የተቆረጠ የጥድ ግንድ አስመጥቼ በርሜል ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ሙጫው እጄ ላይ ተጣብቆ አሁንም ብዕሩ አልላቀቅ ብሎኛል። ሰንሰለቱ ላላ፣ አጠበቅሁት፣ ቆረጠ። እንደገና ላላ፣ አጠበቅሁት፣ ቆረጠ። የቤንዚኑም ይላላል፤ ይህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ከልጅነትህ ጀምሮ ሰንሰለት ስታጠብቅ ነው የኖርከው።

አሁን ስለሌላው ነገር። አባባ ሰነፍ ብሎኝ አያውቅም። አባካኝ ብሎኛል፣ ግትር ብሎኛል፣ ምላሴ ሲረዝምበት የእናትሽ ልጅ ብሎኛል። ሰነፍ ግን አንድም ቀን ከአፉ አልወጣም። ይህን ስድብ የፈጠርከው አንተ ነህ፤ ስድብ መፍጠር ደግሞ አትችልበትም።

ሹፌሩ ደብዳቤህን ሲሰጠኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ "አይዞሽ" አለኝ። "ምን ሆኜ ነው አይዞሽ የምትለኝ?" ስለው ስለ ጎማው ያወራ ጀመር። መንገዱስ እንዴት ነው ስለው ደህና ነው አለኝ። አንተ ደግሞ ተበላሽቷል ትላለህ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለእኔ ግን ጊዜ አልተሰጠኝም። አለቃችን ታኅሣሥ እኩሌታ ላይ ወረቀቱን እፈልገዋለሁ ብሏል። የማምነው ምክንያት ካልሰጠኸኝ እፈርማለሁ። ያየሁት የሚቆርጥ መጋዝ ነው፣ የምጽፈውም ያየሁትን ነው።

ሰው ይጎዳል አልክ። ማን ተጎዳ? አባባን ምን አገኘው? ብዙ አትጻፍ፣ እውነቱን ብቻ።

እህትህ


ታኅሣሥ 6

እታለም፣

ተቀምጠሽ አንብቢው። ብቻሽን ከሆንሽ አጠገብሽ ሰው ይኑር።

አባባ የለም። የቆመ ዛፍ ላይ እንሞክራታለን ብዬ በቀጠርኩት ቀን ነው የሄደው።

ብረቱ ከግማሽ አልፎ ነበር። እግሬ ስር ጭቃ ስለነበረ ቦታ ልለውጥ ብዬ ቃታውን ለቀቅሁ። ያደረግሁት ይህን ነው። ቤንዚኑ ቢሆን እያጉረመረመ ይጠብቀኝ ነበር፤ ይቺ ጭጭ አለች። አባባ መቁረጧንም ማቆሟንም በጆሮው አይለይም፣ የሚያየው የሚበተነውን ብናኝ ነበር። ብናኙ ሲቆም አጠፋው ብሎ ገባ። እኔ መግባቱን አላየሁም፤ ግንዱ ከሁለት ሰው እቅፍ በላይ ነው። መዶሻውም ገና ድምፅ አላሰማም፣ ሽብልቁን እያስተካከለ ነበር መሰለኝ። እግሬን አደላድዬ መልሼ ሳብኩ። ሳል የለ፣ ምን የለ። ዛፉ ወደ እሱ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍልሽም፣ አንቺም አትጠይቂኝ።

እናታችን አጠገብ ነው ያረፈው። ቡድኑ በሙሉ ይነገራት፣ ትምጣ አለ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። መጋዟን ለአባባ ጆሮ አዝነሽ፣ ለእኔ ጆሮ ፈርተሽ የላክሻት ናት። ይህን ሰምተሽ በምን አንጀትሽ ትኖሪያለሽ ብዬ ነው። ይህ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ ቃታው ላይ የነበረው ጣት የማን ነው ብለሽ እንዳትጠይቂኝ ፈርቼ ነው። የሁለቱን ሚዛን እኔም አላውቀውም።

ሳትፈርሚ እንድትቀሪ ብቻ ፈለግሁ። ብርድ አልኩሽ፣ ብርዱን አሸነፍሽው። ሙጫ አልኩሽ፣ ሙጫውንም አሸነፍሽው። እኔ መጋዟን ባማሁልሽ ቁጥር አንቺ ንጽሕናዋን ታስመሰክሪያለሽ። ደብዳቤሽ ሲመጣ ሳልከፍተው ኪሴ ውስጥ ይውላል፤ ደግሞ ምን አስተካክላ ይሆን እያልኩ። ሌላ ሰበብ ፈልጌ አጣሁ። የምነግርሽ ውሸት ስላለቀብኝ ነው እውነቱን የምጽፍልሽ፤ ጀግና ሆኜ አይደለም።

መጋዟ ጥሩ ናት። ቆርጣለች፣ አልተሳሳተችም። ሳል የለመድነው እኛ ነን። ከፈረምሽ ግን በየጫካው ትሄዳለች፤ በየጫካው ደግሞ እንደ አባባ ጆሮው የሄደ ሽብልቅ መቺ አለ፣ ሳል ሲሰማ የሚወጣ። ለእነሱ ማን ይንገራቸው?

ይቅር በይኝ አልልሽም። ምን ብለሽ ትመልሺልኛለሽ?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 17

ወንድሜ፣

ተቀምጠሽ አንብቢ ያልከውን ቆሜ ነው ያነበብኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን ባልደረቦቼ ናቸው የሚያውቁት። ጆሮዬ ጭው ብሎ፣ ሰዎቹ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ አያለሁ እንጂ ቃል አልሰማም ነበር። አባባ እንዲህ ነበር ሲኖር የኖረው ብዬ አሰብኩ።

የጻፍኩልህን ሁሉ መለስ ብዬ አስታወስኩት። "ጨዋ እንግዳ ናት፣ ጉሮሮዋ ንጹሕ ነው በለው" ብዬ ነበር። ያን ስጽፍ አባባ አፈር ገብቶ ነበር። አንተ ደግሞ ያን አንብበህ ስለ ብርድ ጻፍክልኝ። ምን ዓይነት ልብ ነው ያለህ?

ጣቱ የማን ነው ብዬ አልጠይቅህም። ጣትህ የሳበው እኔ የላክሁትን ነው። ሳል የላትም ብሎ አባባ ነገረህ፣ አንተ ለእኔ ጻፍክልኝ፣ እኔ ቀለድኩበት። የሦስታችንም እጅ አለበት፤ አንዱ ሞቶበታል። የቀረነው ሁለት ነን፣ ብቻህን አትሸከመው። ባለመንገርህ ግን ተቀይሜሃለሁ፤ ቅያሜዬም ቶሎ የሚለቀኝ አይመስለኝም። አባቴን ሳላለቅስለት ግንድ እየዘፈዘፍኩ ከረምኩ።

በማግስቱ ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ፣ መዶሻ ይዤ፣ ከግንዱ ጀርባ ቆምኩ። ባልደረባዬን በፈለግህ ጊዜ ቁረጥ፣ በፈለግህ ጊዜ አቁም አልኩት። ሲጀምር ቀኝ እጄን፣ ሲያቆም ግራዬን ላነሣ ነበር። አንዱንም በቦታው አላገኘሁትም። ሲቆርጥ አቁሟል ብዬ እጄን ወደ ግንዱ ዘርግቼ፣ ባልደረባዬ ነው ሮጦ መጥቶ የያዘኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ስፈትን አንድ ቀን እንኳ አባባ የሚቆምበት ቦታ አልቆምኩም። መቁረጧን ብቻ ነው የፈተንኩት፤ የታዘዝኩትም መቁረጧን ነበር።

ሪፖርቱ ላይ "ይቆርጣል" ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ "አይለፍ" ብዬ ጻፍኩ። አለቃችን አዝኖልኛል፣ እውነቱን ለመናገር አልቅሷል። ዓይኑን ጠርጎ ሲጨርስ ግን "የእኛ ሥራ የመቁረጥ አቅም መፈተን ነው፤ ሰው የት ይቆማል የሚለው የቡድኖቹ ጉዳይ ነው" አለኝ። ና አንተም ከግንዱ ጀርባ ቁም አልኩት፤ አልቆመም። ሌላ ሰው ፈረመ። ሳጥኖቹ ግቢው ውስጥ ተደርድረው መኪና እየጠበቁ ነው። እኔ ሥራውን ልተወው እሱ ይተወኝ አልለየልኝም፣ ግን ጠረጴዛዬን አጽድቻለሁ።

ከሳጥኖቹ ጋር ተጭኜ እመጣለሁ። ሹፌሩ እሺ ብሎኛል፤ አይዞሽ ያለበትን ዕዳ በዚህ ይከፍላል። በየካምፑ ሳጥኑ ሳይከፈት ሽብልቅ መቺዎቹን ላግኛቸው። ቆራጩ ባትሪውን ነቅሎ በእጁ ከፍ አድርጎ ካላሳየ ማንም እንዳይገባ፤ ሽብልቅ መቺውም ወጥቶ ቆራጩ ፊት ካልቆመ ባትሪው እንዳይመለስ። ባይሰሙ ያያሉ። የከተማ ሴት ምን ታውቃለች ብለው ያባርሩኝ ይሆናል። ያኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ የምደርሰው እናንተ ጋ ነው።

አንድ ነገር ንገረኝ፣ እንዳትፈጥርልኝ ግን። ያን ቀን ጠዋት አባባ ምን ብሎ ሰደበኝ?

እህትህ


ታኅሣሥ 25

እታለም፣

ቡድኑ ሳጥኖቹን አንቺ ሳታሳዪን አንነካም ብሏል። አዲሱ ሽብልቅ መቺ ሽማግሌ ነው፣ እሱም አይሰማም። የጻፍሽውን የባትሪ ነገር በእጄ እያሳየሁ ነገርኩት። ሦስቴ አስደጋገመኝና "ይቺን ያወቀ ሰው ቀደም ብሎ ቢያውቅ ምን ነበረበት" አለ።

የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ያን ቀን ጠዋት ትልቅ ዛፍ ስለሆነ ቤንዚኑን ልያዝ ብዬው ነበር። እምቢ አለ። "ያቺ አባካኝ ለፍታ የላከችልንን ሳጥን ውስጥ ልናሳድር ነው?" አለኝ። ስድቡ ይኸው ነው፣ ከዚያ ወዲያ አልሰደበሽም። ላንቺ በሚላከው ቃል ቢያማትም ከጀርባሽ ግን የልጄ መጋዝ እያለ ለመጣው ለሄደው ሁሉ ሲያሳያት ነበር። እንዳትጽፍላት፣ ትኮራብናለች ብሎ አስጠንቅቆኝ ነው ያልጻፍኩልሽ።

ሌላም አለ። መጀመሪያ ቀን ከቆረጥኳቸው ክቦች ወፍራሙን አንሥቶ አሸተተውና በብብቱ ይዞት ሄደ። "ይቺን አትጣላት፣ አባካኟ ስትመጣ ትቀመጥባታለች" አለ። በርጩማ ሊሠራልሽ ነበር። ሁለት እግር ገጥሞለታል። ሦስተኛው ግማሹ እንደተጠረበ ነው፣ ቢላውም አጠገቡ አለ። ግድግዳ ተደግፎ ነው እንጂ ብቻውን አይቆምም። ልጨርሰው አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። አንቺ ስትመጪ እናየዋለን።

በሩን ሳላንኳኳ እገባለሁ ብለሽ ጽፈሽ ነበር። አትግቢ እታለም። ደጁ ላይ ስትደርሺ ቆም ብለሽ ሳል በይልኝ። ጮክ አድርጊው፣ የእኔም ጆሮ እየሄደ ነው።

ወንድምሽ